አይቻለሁ

የአባቴን ኪኒን በሳምንት አራት ቀን የምሰጠው እኔ ነኝ፤ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ። የቀሩት ቀናት የታላቅ እህቴ ናቸው። ኪኒኑ ደም የሚያቀጥን ነው። አባቴን አምና ግራ ጎኑን ድንገት ጥሎት አንድ ወር ሆስፒታል ከተኛ በኋላ፣ ሐኪሙ ይህን መድኃኒት አዘዘለትና እኔንና እህቴን ፊቱ አስቀምጦ «በዚህ ቀልድ የለም» አለን። ከበዛ ያደማል። ካነሰ ደሙ ይረጋና ያ የጣለው ነገር ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ በየሐሙሱ ደሙ ይመረመራል፣ እንደ ውጤቱም መጠኑ ይቀየራል፤ አንዳንዴ አንድ ሙሉ፣ አንዳንዴ አንድ ተኩል፣ አንዳንዴ ግማሽ።

መጀመሪያ ሰሞን እኔና እህቴ በስልክ እየተጠያየቅን ነበር የምንሰጠው። አንድ ቀን በአንድ ጠዋት ሁለት ጊዜ ልንሰጠው ምንም አልቀረንም። ያን ቀን ቆሽቴ አረረና ደንብ አወጣሁ።

«ከዛሬ ጀምሮ አንድ ወረቀት ፍሪጁ ላይ ይለጠፋል» አልኩ። «እውነቱ እዚያ ብቻ ነው ያለው። እትዬ፣ ሐሙስ ከምርመራ ስትመለሺ እዚያ ትጽፊያለሽ። ኪኒን የሚሰጥ ሰው ከዚያ አንብቦ ይሰጣል። ስልክ የለም፣ ነግሬሽ ነበር የለም፣ መስሎኝ ነበር የለም።»

እህቴ አስተማሪ ናት። ወረቀቱን በማስመሪያ አስምራ፣ ቀንና መጠን ብላ ለሁለት ከፍላ፣ ዳሩን ሰፋ አድርጋ ትታ፣ ፍሪጁ በር ላይ በማግኔት ለጠፈችው። እኔ ደረቴን ነፍቼ ዞርኩ። የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊ ነኝ፤ «ነገር አንድ ቦታ ይቀመጥ፣ ሁሉም ከዚያ ያንብብ» ማለት የምበላበት ሙያ ነው። በሳምንቱ ደግሞ ወረቀቱን በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። ኪኒኑ የሚቀመጠው እኔ መኝታ ቤት፣ የተቆለፈ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ከታመመ ወዲህ አባቴ ይረሳል፣ ደግሞ ደጋግሞ እንዳይውጥ ብለን ነው የቆለፍንበት። ከመሳቢያው እስከ ወጥ ቤት ማን ይመላለሳል? ስልኬ ሁልጊዜ እጄ ላይ ነው። ብልጥ ነኝ።

ያ ረቡዕ ጠዋት እንደ ልማዴ እየተርበተበትኩ ተነሳሁ። አዲሱን ሥራችንን ለደንበኞች የምንለቅበት ቀን ነበር። ስልኬን ከፈትኩ፣ ፎቶውን አየሁ፣ አንድ ሙሉ። መሳቢያውን ከፈትኩ፣ አንድ ሙሉ አወጣሁ።

አባቴ ወጥ ቤት፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ የትናንቱን ጋዜጣ በቀይ እርሳስ ያርማል። ሠላሳ አራት ዓመት ማተሚያ ቤት አራሚ ሆኖ ሠርቷል፤ ሥራው ለኅትመት የተለቀመውን ጽሑፍ ከዋናው ጋር ፊደል በፊደል ማመሳከር ነበር። ጡረታ ወጥቶም ስህተት ሲያይ እጁ አያርፍም። የመብራት ደረሰኝ ያርማል፣ የመድኃኒት መመሪያ ያርማል፣ ጋዜጣውን አርሞ አርሞ ለማንም ሳይሰጥ አጥፎ ያስቀምጠዋል። ያን ቀን አገጩ ላይ ሲላጭ የቆረጠው ቦታ ላይ ብጣሽ ሶፍት ለጥፎበታል፤ መሃሉ ቀልቷል። የክንዱ መታጠፊያም በልዟል።

«ወረቀቱን አየሽው?» አለኝ።

«አይቻለሁ አባዬ።»

«ዛሬ?»

«አይቻለሁ አልኩህ እኮ፤ አርፍጃለሁ።»

ኪኒኑን መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። የተገለበጠ ፊደል እንዳገኘ ሁሉ ትኩር ብሎ አየው። ይህችን የወረቀት ጥያቄ ሰሞኑን በየጠዋቱ ነበር የሚጠይቀኝ። አንድ ነገር መደጋገም ከጀመረ ንገሩኝ ብሎ ሐኪሙ አስጠንቅቆን ስለነበር፣ ለእህቴ «አባዬ መደጋገም ጀምሯል» ብያት ነበር፤ ስልኩ ውስጥ አፍንጫዋን ስትስብ ሰማሁ። ጫማዬን እያሰርኩ ከበር ላይ «ዋጥከው?» አልኩት። ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ተሰማኝ። መልሱን ሳልጠብቅ በሩን ዘጋሁት።

መሥሪያ ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ አንድ ክፍል ነው፤ አምስት ጠረጴዛ፣ አንድ የሚንቋቋ ማራገቢያ፣ አንድ አለቃ። ምን እንደምንሠራ ሰው ሲጠይቀኝ እንዲህ እላለሁ። በኢንተርኔት የሚሸጥ ሰው ገዢው የሚከፍልበትን ሣጥን ራሱ መሥራት የለበትም፤ እኛ በጃቫስክሪፕት ቋንቋ የጻፍነውን፣ ላይብረሪ የሚባል ዝግጁ የኮድ ስብስብ ገጹ ላይ ይተክላል፣ ሣጥኑ ተሠርቶ ይመጣለታል። ላይብረሪው አራት ሞጁሎች፣ ማለትም አራት ክፍሎች አሉት። አንዱ ካርዱን ይቀበላል፣ አንዱ ባለቤቱን ያጣራል፣ አንዱ ክፍያውን ይልካል፣ አንዱ ደረሰኝ ያወጣል። አራቱም በጋራ ማወቅ ያለባቸው ነገር አለ፤ ሱቁ የማን ነው፣ በየትኛው ቋንቋ ይናገር፣ ገና ሙከራ ላይ ነው ወይስ የእውነት ሥራ ጀምሯል። ይህን ዝርዝር ኮንፊግ እንለዋለን።

ድሮ ኮንፊጉ ለአራቱም አንድ ነበር። ሁሉም ያነበዋል፣ ሁሉም ይጽፍበታል። አንድ ቀን የማጣሪያው ክፍል ለራሱ ሲል ቋንቋውን ቀየረና ሦስቱም አብረውት ተገለበጡ፤ ገዢዎች የማያውቁት ቋንቋ ውስጥ ገብተው ሲዋኙ ዋሉ። ያኔም ቆሽቴ አረረ። የእኔ ቆሽት ማረሪያ አያጣም። በሁለት ቀን ውስጥ ሁሉንም አፍርሼ እንደገና ጻፍኩት። እያንዳንዱ ሞጁል ሥራ ሊጀምር ሲነሳ ከዋናው የራሱን ቅጂ ገልብጦ ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ማንም የማንንም አይነካም፣ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነገር ቢሆን እሰቅለው ነበር። ያን ረቡዕ ስምንት ሰዓት ላይ ለሁሉም ደንበኞች ልንለቀው የነበረውም ይኸው ነው።

አራት ሰዓት ሲሆን ጫማ ሻጯ ደወለች። አዲሱን ሥራችንን ከሁሉም ቀድማ እንድትሞክርልን የሰጠናት ደንበኛ ናት።

«እኔ ምን አድርጌያችሁ ነው?» አለች፤ አለቃችን ድምፁን ለሁላችንም ከፍቶታል። «ሰው የእውነት ከፍሎ ጫማ ይገዛል፣ የምትልኩለት ደረሰኝ ላይ በትልቁ 'ሙከራ' ይላል። ሌባ ነሽ እያሉኝ ነው። አንዷ ሱቄ ድረስ መጥታ ሰው ሰብስባብኛለች።»

አለቃችን ሲጨንቀው እስክሪብቶ ይፈታታል። ስልኩ ሲዘጋ ስፕሪንጓ ጠረጴዛው ላይ ነበረች።

«የት ጋ ነው?» አለኝ።

«እሷ ጋ ነው» አልኩ። «ሙከራ ላይ ትታው ይሆናል። ሁልጊዜ ተጠቃሚ ነው የሚያጠፋው።»

ስህተቱ እሷ ጋ አልነበረም። መሞከሯን ጨርሳ ከቀየረችው ሁለት ሳምንት አልፏታል። አንድ ሰዓት ፈለግኩ። ማራገቢያውን አጠፋሁት፣ ሞቀኝና መልሼ አበራሁት። ወንበሬን ቀየርኩ። የመላኪያውን ክፍል ከላይ እስከ ታች አነበብኩ፣ የካርዱን ክፍል አነበብኩ፤ ሁሉም ንጹሕ ነው። ከፊት ለፊቴ የሚቀመጥ ዝምተኛው የምንለው ባልደረባ አለኝ፤ ስሙን ያወጣንለት ከጠዋት እስከ ማታ ከሰላምታ በቀር ቃል ስለማይወጣው ነው። ያን ቀን ግን ሁለት ጊዜ ተነስቶ ወንበሬ ኋላ ቆመ።

«ልንገርሽ?» አለ።

«ቆይ፣ እያሰብኩ ነው።»

ተመልሶ ተቀመጠ። ቆይቶ እንደገና መጣ።

«ልንገርሽ?»

«ቆይ አልኩህ።»

በሦስተኛው አልጠየቀም። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና የደረሰኙን ሞጁል ከፈተ።

«ይኼ ክፍል ሲነሳ ሱቁ ገና ሙከራ ላይ ነበር» አለ። «ያኔ ቅጂውን ገለበጠ። ሴትዮዋ ቆይታ ወደ እውነት ቀየረችው። ሦስቱን ከዚያ በኋላ ስላስነሳናቸው አዲሱን ያዙ። ይኼኛው ግን ቆሞ ስለማያውቅ የድሮውን ይዞ ቀረ። ዋናው እንደተቀየረ ማን ይነግረዋል? ማንም እንዳይነግረው አድርገሽ ነው የጻፍሽው። እሱ ደግሞ አይጠይቅም፤ አንዴ አይቻለሁ ብሏል።»

ልክ ነበር። አንዲት መስመር ናት። ደሜ ወደ ፊቴ ሲወጣ ታወቀኝ።

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«ሁለት ሳምንት ይሆነዋል።»

«ታዲያ አፍህን ምን ያዘው? እኔ እዚህ ሰው ፊት ስዋረድ ከምታይ?»

«ነግሬሽ ነበር» አለ፣ ድምፁን ሳይለውጥ። «አንዴ በአፌ፣ ሁለቴ ደግሞ ከኮዱ ጎን ጽፌ።»

አስተያየቶቹን ከፈተልኝ። ሁለቱም አሉ፤ አጭርና ግልጽ ናቸው። ከሁለቱም ሥር የእኔ መልስ አለ። አይቻለሁ። አይቻለሁ።

«በአፌ ስነግርሽም ይህንኑ ነው ያልሽኝ» አለ። «እንግዲህ ካየች አየች ብዬ ተውኩት። ደግሞ አንቺን ደጋግሞ መናገር...» አልጨረሰውም፤ የቀረውን መላው ክፍል በልቡ ጨረሰው፣ ማንም ቀና አላለም።

የምመልስለት ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ የሚያቃጥል ነገር። ግን አንድ ቃሉ ጆሮዬ ውስጥ ቀርቶ አላስወጣ አለኝ። የድሮውን ይዞ ቀረ። ስልኬን አነሳሁ። ፎቶውን ከፈትኩ። ከላይ ያነሳሁበት ቀን ተጽፏል፤ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ሦስት ሐሙስ አልፏል። ሦስት ምርመራ።

አገጩ ላይ ያለው የቀላ ሶፍት ታየኝ። የበለዘው ክንዱ ታየኝ። ባለፈው ሰኞ «ምን ነካህ?» ብዬ መልሱን ሳልጠብቅ ያለፍኩት ክንዱ። ፍሪጁን በቀን አሥር ጊዜ እከፍታለሁ፤ ወረቀቱ አፍንጫዬ ሥር ነው፤ አንድም ቀን አላነበብኩትም። ወረቀቱን አየሽው? ሲለኝ ከረመ እኮ።

ቤት ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። አባቴ ስልኩን መኝታ ቤት ትቶ ወጥ ቤት ነው የሚውለው። እህቴ ጋ ደወልኩ፤ ክፍል ስትገባ ስለምትዘጋው ዝግ ነው። ቦርሳዬን አነሳሁ።

«የት ነው?» አለ አለቃችን። «ስምንት ሰዓት...»

«አይለቀቅም» አልኩት። «ተበላሽቷል። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።» ይህን ቃል ከአፌ ሰምቶ ስለማያውቅ መንገድ ለቀቀልኝ።

አውቶቡስ ውስጥ መቀመጫ ነበር፤ መቀመጥ አልቻልኩም። ሹፌሩ በየፌርማታው ሰው ሳይኖር ይቆማል፣ በሩን ከፍቶ ንፋስ አሳፍሮ ይዘጋል። በጣቴ እቆጥራለሁ። መጠኑ መቼ እንደተቀየረ አላውቅም፣ ተቀይሮ እንደሆነም አላውቅም፣ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ አውቃለሁ፤ ለሦስት ሳምንት ሐኪሙ ያለውን ሳይሆን ስልኬ ያለውን ነው የሰጠሁት። ሁለተኛው መብራት ላይ እህቴ መልሳ ደወለች። ከኋላዋ የተማሪ ጫጫታ አለ።

«እትዬ፣ ወረቀቱ ላይ አሁን ስንት ነው የሚለው?»

«ግማሽ ነዋ» አለች። «ያለፈው ሳይሆን ከዚያ በፊት ባለው ሐሙስ ነው የወረደው። ደሙ በጣም ቀጥኗል ተብሎ። ምነው?»

የአውቶቡሱን ብረት አጥብቄ ያዝኩ።

«አንቺ፣ ስንት ነው የምትሰጪው?»

«ሙሉ።»

ጫጫታው ከኋላዋ ቀጠለ።

«ዛሬም ሰጥተሽዋል?»

«ሰጥቼዋለሁ።»

«ያለፈው ሐሙስ ደሙ ደህና ነው ብለውኝ ነበር እኮ» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ ነበር። «ሂጂ። ሂጂ ብቻ። መጣሁ።»

ቆጠርኩት። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ የእኔ ተራ ስምንት ቀን ነው። ስምንት ቀን እጥፍ። ደሙ ቀጥኗል ለተባለ ሰው። አውቶቡሱ መንገድ ተዘግቶበት ሲቆም በሩን ከፍቶ እንዲያወርደኝ ለመንኩት። የቀረውን ሮጥኩ። ስሮጥ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምለምነው፤ ምንም ይሁን፣ ብቻ ስደርስ ወንበሩ ላይ ይሁን።

ወንበሩ ላይ አልነበረም። ጋዜጣው ታጥፏል፣ እርሳሱ በላዩ ተጋድሟል። «አባዬ» አልኩ። መታጠቢያ ቤት ውሃ ይወርዳል፤ በሩ ተዘግቷል። መያዣውን ሳልነካ በሩን ተደገፍኩ። ውሃው ቆመ። በሩ ተከፈተ።

አባቴ እጁን በፎጣ እያደረቀ አየኝ። አገጩ ላይ ያለውን ሶፍት አንስቶታል፤ ጭረቱ ደርቋል።

«ከሥራ አባረሩሽ እንዴ?» አለ።

ክንዱን ያዝኩት፣ እጅጌውን ሰበሰብኩ። «አፍህን ክፈት። ድድህ ደምቷል? አፍንጫህስ? ጭንቅላትህን ያምሃል? ይህ ብልዝ ምንድን ነው?»

«ደም የሚቀዱበት ነው። በየሐሙሱ አንድ ቦታ ይወጉኛል። ልጄ፣ ምን ነክቶሽ ነው?»

«አባዬ፣ እጥፍ ነው የሰጠሁህ» አልኩ። «ስምንት ቀን ሙሉ እጥፍ ነው የሰጠሁህ። ግማሽ ነበር። አሁን ሐኪም ቤት እንሄዳለን፣ ጫማህን አድርግ።»

አልተንቀሳቀሰም። ክንዱን ቀስ ብሎ ከእጄ አወጣና ወደ ወንበሩ ሄዶ ተቀመጠ። ከጋዜጣው ክምር ኋላ የድሮ የቆርቆሮ እርሳስ መያዣውን ጎትቶ ከፈተው። ውስጡ ከእርሳስ መቅረጫ ምላጩ ጎን የታጠፈ ወረቀት አለ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ፈታው። ግማሽ ግማሽ ኪኒኖች በአንድ መስመር ተደርድረዋል። መቁጠር አላስፈለገኝም፤ ግን ቆጠርኳቸው። ስምንት ናቸው።

«ሰጥተሽኛል» አለ። «አልዋጥኩትም። ግማሹን ዋጥኩ፣ ግማሹን አስቀመጥኩልሽ። መድኃኒት አይጣልም።»

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ደስታ መሆን ነበረበት። ነበርም፤ እንባዬ ሲወርድ ታውቆኛል። ግን ከደስታው ሥር ሌላ ነገር ነበር፤ ወዲያው በአፌ ወጣ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

ቃሉን ስጨርሰው ራሴን ሰማሁት። ከአንድ ሰዓት በፊት ሌላ ሰው ላይ የጮኽኩት ጥያቄ ነው።

«ነገርኩሽ እንጂ» አለ አባቴ። «የመጀመሪያው ዓርብ 'ወረቀቱ ግማሽ ነው የሚለው' አልኩሽ። ጫማሽን እያሰርሽ ነበር።»

አስታወስኩ። ቃል በቃል አስታወስኩ። «አባዬ፣ አንተ ረስተህ ነው፤ እኔ አይቻለሁ» ነው ያልኩት። ቀና እንኳ አላልኩም።

«ሂጂ እይው» አለ፣ በአገጩ ወደ ፍሪጁ እያመለከተ።

ከወለሉ ተነስቼ ሄድኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወረቀቱ ፊት ቆምኩ። በእህቴ የተስተካከለ ጽሕፈት ግማሽ፣ ግማሽ፣ ግማሽ ይላል። ባዶ የተተወው ዳር ላይ፣ የእኔ ተራ በሆኑት ቀናት አንጻር፣ ትናንሽ ቀይ ምልክቶች አሉ፤ አንዲት ጭረትና አንዲት ነጥብ። ልጅ ሆኜ ማተሚያ ቤት ምሳ ስወስድለት አስተምሮኛል። ከዋናው ጋር አመሳክር ማለት ነው።

እህቴ ያኔ እያለከለከች ገባች። ስታየን፣ ኪኒኖቹን ስታይ፣ ቦርሳዋን መሬት ለቀቀችው። በአጭሩ ነገርኳት። ወረቀቱን ከእኔ ጋር ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እኔማ እንደ ልማዱ ፊደሌን እያረመ መስሎኝ» አለች። «ባለፈው 'ሐሙስ' ማለት ሲገባኝ 'ሐምስ' ብዬ ጽፌ ቢያገኝ ከቦብኛል።»

«ይኼን የጻፍከው ለእኔ ነበር?» አልኩት አባቴን። «እኔ እኮ አላየሁትም አባዬ።»

«ለአንቺ አይደለም።»

ቀይ እርሳሱን አንስቶ በጣቶቹ መሃል ያሽከረክር ጀመር። ወደ እኛ አላየም።

«ረስተህ ነው ስትይኝ፣ ምናልባት እውነቷን ይሆናል አልኩ» አለ። «ለእህትሽም ይደጋግማል ማለትሽን ሰምቻለሁ፤ ግድግዳው ስስ ነው። ኪኒኑን ስትቆልፉበትም ምንም አላልኩም። ምናልባት ልክ ናቸው፣ አእምሮው የሚሄድበት ሰው አይታወቀውም ይሆናል ብዬ። ከዚያ አንቺ ስትወጪ በየጠዋቱ ተነስቼ ወረቀቱን አነብ ነበር። ግማሽ ይላል። ተመልሼ እቀመጥና እጠራጠራለሁ። ደግሞ ሄጄ አነባለሁ። ግማሽ። ምልክት አደርጋለሁ። በማግስቱ ምልክቱ እዚያው ካለ ትናንት ያነበብኩት ሕልም አይደለም ማለት ነው።»

እህቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔ አፈርኩ። በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ተናድጃለሁ፣ ብዙ ጊዜ ደንግጫለሁ፤ እንደዚያ ግን አፍሬ አላውቅም። እጥፍ ኪኒን የሰጠሁት ጥፋቴ ትንሹ ነበር። ኪኒኑንማ በምላጭ ቆረጠው። ረስተህ ነው ያልኩትን ግን በምን ይቁረጠው? ያንን በየጠዋቱ ሙሉውን ሲውጥ ከርሟል።

«እንግዲህ እውነቱን ንገሩኝ» አለ አባቴ። እርሳሱ ቆመ። «አልረሳሁም ነበር ማለት ነው?»

«አልረሳህም» አልኩት። «ልክ አንተ ነበርክ።»

«ስምንቱንም ቀን?»

«ስምንቱንም ቀን አባዬ።»

መነጽሩን አወለቀና በሸሚዙ ጫፍ መጥረግ ጀመረ። ከጠራም በኋላ ረጅም ጊዜ ጠረገው።

እህቴ ሐኪሙ ጋ ደውላ ሁሉንም ነገረችው፤ እንደተለመደው ነገ ለምርመራ አምጡት አለ። እኔ ለዝምተኛው አጭር ጽሑፍ ላክሁ። «ልክ ነህ። ቅጂዎቹን በሙሉ አጥፋቸው፤ እያንዳንዱ ሞጁል ባስፈለገው ቁጥር ዋናውን ይጠይቅ፣ መጻፍ ግን አይችልም። አንተ ጻፈው፣ እኔ አነባለሁ። ደግሞ ይቅርታ።» ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መልስ መጣ። «አይቻለሁ» ይላል። ሰውዬው ቀልድ ያውቃል ለካ።

ፎቶውን ከስልኬ አጠፋሁት። ከዚያ መኝታ ቤት ገብቼ መሳቢያውን ከፈትኩ፣ ኪኒኑን ከነብልቃጡ አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ፣ ከአባቴ እርሳስ መያዣ አጠገብ አስቀመጥኩት። እህቴ አየችኝ። ቁልፉን እሷው ከመሳቢያው ነቅላ ቦርሳዋ ውስጥ ጨመረችው።

ሐሙስ ደሙ ደህና ነበር። ላይብረሪውም ሐሙስ ተለቀቀ፤ የጫማ ሻጯ ደረሰኝ ላይ ሙከራ የሚለው ቃል ጠፍቷል፤ አመስግናም አላመሰገነችም፣ መደወሏን ብቻ አቆመች።

ዓርብ ጠዋት የእኔ ተራ ነበር። ጫማዬን አስሬ ወጥ ቤት ገባሁ። አባቴ ብልቃጡን፣ ምላጩንና ብርጭቆውን ፊቱ ደርድሮ ተቀምጧል። እንደ ልማዱ ቀና አለ።

«ወረቀቱን አየሽው?»

ፍሪጁ ሁለት እርምጃ አይሞላም። ከቆምኩበት ሆኜ ማንበብ እችላለሁ። ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አላየሁም አባዬ» አልኩት። «አንብብልኝ።»

መነጽሩን አደረገ፣ ተነሳ፣ ወረቀቱ ፊት ቆመና ጣቱን መስመሩ ሥር አስኪዶ እንደ ማተሚያ ቤቱ ዘመን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ።

«ዓርብ» አለ። «ግማሽ።»